በአካውንቲንግ ዲግሪ ሐኪም መሆን ይቻላል ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጆች። 29 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ በአካውንቲንግ ተመርቄ ባንክ ስሠራ ቆይቼ ዲቪ ደርሶኝ መጣሁ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፤ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት በሲኤንኤነት (በረዳት ነርስነት) ስሠራ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ። አንዱ «ዲግሪሽን ዌስ (የውጭ ዲግሪ ገምጋሚ ድርጅት) አስገምግሚና ኤምካት (የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተና) ተፈተኚ፣ በቃ» ይለኛል። ሌላው «ዲግሪ እንዳለሽ አትናገሪ፣ እንደ አዲስ ተማሪ ጀምሪ፣ ፔል ግራንት (የማይመለስ የመንግሥት ዕርዳታ) ይከፍልልሻል» ይላል። የአክስቴ ልጅ «ካሪቢያን ደሴቶች ካሉት የሕክምና ትምህርት ቤቶች አንዱ ሂጂ፣ ቶሎ ይቀበሉሻል» ትለኛለች። አገር ቤት በባዮሎጂ የተመረቀ ጓደኛዬ እንደገና ሕክምና ገብቶ ዛሬ ዶክተር ሆኗል። እኔስ? ኬሚስትሪ ካየሁ ዘመን የለውም፤ የ10ኛ ክፍል መጽሐፌን ከአገር ቤት ላስልክ?

መልስ፦ እህታችን፣ ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ ሕክምና እንደ አገር ቤት ከ12ኛ ክፍል ተነስተው የሚገቡበት አይደለም። ጥቂት ጥምር ፕሮግራሞችን ብንተው፣ ሜዲካል ስኩል የሚገባው ሰው ሁሉ አስቀድሞ በሌላ ነገር የተመረቀ ነው፤ በታሪክም ይሁን በሙዚቃ ወይም በአካውንቲንግ። ጓደኛሽ የገባው በ2004 ዓ.ም. ዲግሪ ላላቸው በ13 ተቋማት በተከፈተው የሕክምና ፕሮግራም ሳይሆን አይቀርም። ያ የጤናና የተፈጥሮ ሳይንስ ምሩቃንን ነበር የሚፈልገው፤ በአካውንቲንግ ዲግሪ በሩን አታልፊም ነበር። እዚህ ግን የተመረቅሽበት የትምህርት ዓይነት ማንንም አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው ዲግሪው የተሰጠበት አገር ነው፤ ይህን ደግሞ ከመካሪዎችሽ አንዱም አላነሳልሽም።

ከዌስ እንጀምር። የዌስ ግምገማ ለቀጣሪና ለዩኒቨርሲቲ ምዝገባ ይጠቅማል። ለሜዲካል ስኩል ማመልከቻ ግን ብቻውን አያራምድሽም። ኤምዲ፣ ማለትም የተለመደውን የሐኪምነት ዲግሪ፣ የሚሰጡት ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚሰበሰበው አምካስ በሚባለው ማዕከል በኩል ነው፤ አምካስ ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ የተገኘን ውጤት ጂፒኤ ውስጥ አያስገባም። አዲስ አበባ 3.8 ይዘሽ ብትመጪም 2.3 ይዘሽ ብትመጪም ለእነሱ ባዶ ገጽ ነሽ። (2.3 ለነበረው ሰው ይህ የምሥራች ነው።) ከዚያ በላይ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ከአሜሪካ ወይም ከካናዳ ተቋም የተገኘ ዲግሪ፣ ወይም ቢያንስ 90 ክሬዲት ይጠይቃሉ። ያነሰ የሚጠይቁም አሉ። ስለዚህ አንድ ኮርስ ከመመዝገብሽ በፊት፣ ለመማር ለምትችይባቸው አሥር ያህል ትምህርት ቤቶች ኢሜይል ላኪ። ለምሳሌ በአቅራቢያሽ ዋሽንግተን ውስጥ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በቨርጂኒያ ደግሞ የሪችመንዱ ቪሲዩ፣ የሻርለትስቪሉ ዩቪኤ እና ዲኦ የሚባለውን ሌላውን የሐኪምነት ዲግሪ የሚሰጠው የብላክስበርጉ ቪኮም አሉ። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቂ፦ የውጭ ዲግሪ ላለው አመልካች ስንት የአሜሪካ ክሬዲት ትፈልጋላችሁ? የመሠረታዊ ሳይንስ ኮርሶችን ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ትቀበላላችሁ? በኦንላይን የተወሰደ ላብራቶሪስ? መልሱን አስቀምጪው፤ ስልክ ደውሎ የሰሙት ነገር በኋላ ምስክር አይሆንም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው፤ ሒሳብ ላንቺ እንግዳ አይደለም። ባዮሎጂ ሁለት ሴሚስተር ከነላቡ 8 ክሬዲት፣ ጄኔራል ኬሚስትሪ 8፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ 8፣ ፊዚክስ 8፣ ባዮኬሚስትሪ 3፣ ፕሪካልኩለስና ስታቲስቲክስ 6፣ እንግሊዝኛ 6፣ ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ 6። ድምሩ 53 ነው። ቅድመ ኮርሶቹን በሙሉ ብትጨርሺ እንኳ ለ90 ገና 37 ይቀርሻል። ለዚህ ነው አንቺን ለመሰለ ሰው ሁለተኛ ባችለር መያዝ ብዙ ጊዜ የተሻለው መንገድ የሚሆነው፦ ቀሪዎቹን በጄኔቲክስ፣ በፊዚዮሎጂ፣ በሴል ባዮሎጂ ትሞያቸዋለሽ፤ እነዚህ ደግሞ ለኤምካትም ሆነ ለመጀመሪያው የሜዲካል ስኩል ዓመት ስንቅ ናቸው። የዌስ ወረቀት ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። ኮርስ በኮርስ የተገመገመውን አስወጪ፤ ዩኒቨርሲቲው ከአገር ቤት ኮርሶችሽ የተወሰኑትን ለጠቅላላ ትምህርቶቹ ሊይዝልሽ ይችላል። ሁለተኛ ባችለር የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 30 ክሬዲት እነሱ ጋ እንድትማሪ ይፈልጋሉ።

«ዲግሪ የለኝም በይ» የሚለውን ምክር ግን ከዛሬ ጀምሮ ከጆሮሽ አውጪው። ፔል ግራንት የመጀመሪያ ዲግሪ ለሌለው ነው፤ ከአሜሪካ ባችለር ጋር እኩል የሆነ የውጭ ዲግሪም ይቆጠራል። ፋፍሳ በሚባለው የፌዴራል የትምህርት ዕርዳታ ማመልከቻ ላይ የለኝም ማለት ለፌዴራል መንግሥት የሐሰት መረጃ መስጠት ነው፤ ግሪን ካርድ ይዞ ዜግነት ለሚጠብቅ ሰው ደግሞ ጣጣው እጥፍ ነው። አምካስም ከ12ኛ ክፍል በኋላ የተማርሽበትን ተቋም ሁሉ፣ የውጭውንም ጨምሮ፣ እንድትዘረዝሪ ያስገድዳል፤ የደበቀ ሰው ተመርምሮ ውጤቱ ላመለከተባቸው ትምህርት ቤቶች ይላካል። ደግሞም ያን ያህል የሚያስዋሽ ገንዘብ አይደለም። በቨርጂኒያ 12 ወር ነዋሪ መሆንሽን በመንጃ ፈቃድ፣ በታክስና በቤት ውል ካሳየሽ ኖቫ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አንድ ክሬዲት 200 ዶላር ገደማ ነው። ለሁለተኛ ባችለር የፌዴራል ብድር መውሰድም ይፈቀዳል፤ ዕርዳታው ነው የማይሰጥሽ።

ሁሉንም ኖቫ ላይ አትጨርሺው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሳይንስን በጎሪጥ ያያሉ። ፕሪካልኩለስን፣ ጄኔራል ኬሚስትሪንና የመጀመሪያውን ባዮሎጂ እዚያ ወስደሽ፣ ከኦርጋኒክ ጀምሮ ያለውን እንደ ጆርጅ ሜሰን ባለ የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ብትጨርሺ ኪስሽም ማመልከቻሽም አይጎዳም።

የጊዜውን ነገር የሚወስነው ኬሚስትሪ ነው። ጄኔራል አንድ ሳያልቅ ጄኔራል ሁለት አይወሰድም፤ ከዚያ ኦርጋኒክ አንድ፣ ኦርጋኒክ ሁለት፣ ከዚያ ባዮኬሚስትሪ። አምስት ሴሚስተር በሰንሰለት የተያያዘ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ጎን ለጎን ማስኬድ ትችያለሽ፣ ይህን ግን በክረምት (በሰመር) ኮርስ ካልሆነ ማሳጠር አይቻልም። አንቺ ጋ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። አካውንቲንግ የገባሽው በማኅበራዊ ሳይንስ መስመር ከሆነ፣ 11ኛና 12ኛ ላይ ኬሚስትሪና ፊዚክስ አልተማርሽም። ጄኔራል ኬሚስትሪ ላይ አብረውሽ የሚቀመጡት ልጆች እነዚያን ዓመታት ተምረውታል። መምህሩ ሞል የሚባለውን መለኪያ በአንድ ሳምንት ውስጥ አልፎት ይሄዳል። ስለዚህ የመግቢያ ኬሚስትሪ የሚባለውን ኮርስ አስቀድመሽ ውሰጂ። ለሜዲካል ስኩል አይቆጠርልሽም፤ አንድ ሴሚስተርም ይበላል። ግን ርካሽ ኢንሹራንስ ነው።

ለምን ኢንሹራንስ እንዳልነው ይኸው። ቸኩለሽ ገብተሽ በባለ 4 ክሬዲቱ ኬሚስትሪ ሲ አገኘሽ እንበል፤ ደግመሽ ወሰድሽና ኤ መጣ። ኮሌጁ በራሱ ትራንስክሪፕት ላይ የቀድሞውን ሰርዞ 4.0 ሊያሳይሽ ይችላል። አምካስ ግን ሁለቱንም ይደምራል፦ 4 ጊዜ 2፣ ሲደመር 4 ጊዜ 4፣ 24 ይሆናል፤ ለ8 ሲካፈል 3.0። የዲኦ ማመልከቻ የሚሰበስበው አኮማስም ድሮ የተደገመውን ይተካ ነበር፤ ከ2017 ጀምሮ ቀርቷል። ሜዲካል ስኩል የሚያየው የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስና የሒሳብ ጂፒኤ ለብቻው ተሰልቶ ነው፤ አንቺ ደግሞ የድሮ ውጤትሽ ስለማይቆጠር ሲውን የሚሸፍንልሽ የቆየ ኤ የለሽም። ኮርሱ እየከበደሽ ከሄደ መውጫው ቀን ሳያልፍ ውጪ፤ ኖቫ ላይ ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ከወጣሽ ደብልዩ (የመውጣት ምልክት) ብቻ ይመዘገባል። አንድ ደብልዩ ማንንም አላስቀረም። አራት አምስት ሲሆን ግን ይጠየቅበታል።

የሥራሽ ሰዓትም እዚሁ ሒሳብ ውስጥ ነው። ኦርጋኒክ አንድ በሳምንት 3 ሰዓት ሌክቸር፣ 3 ወይም 4 ሰዓት ላብ፣ ከዚያ ቢያንስ 10 ሰዓት ልምምድ ይፈልጋል። ፊዚክስ ሲጨመርበት ከ30 ሰዓት ያልፋል። ቅዳሜና እሁድ ደብል ሠርተው 32 ሰዓት ይዘው፣ የሥራ ቀናቱን ለትምህርት የሚተዉ ሲኤንኤዎች አሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሴሚስተሮች ይሠራል። ኦርጋኒክ ላይ ስትደርሺ ግን ከ24 ሰዓት በላይ አትሥሪ፤ በአንድ ሴሚስተር ከሁለት በላይ ላብ ያለው ኮርስ አትያዢ። ኦርጋኒክ ብዙ ጎበዝ ተማሪ የሚጥለው ከባድ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ አገር ቤት እንደለመድነው ሸምድዶ ስለሚገባበት ነው። ትምህርቱ ኤሌክትሮን ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ በቀስት መሣል ነው። ማስታወሻሽን ደጋግሞ ማንበብ ያወቅሽው ያስመስልሻል። ደብተሩን ክደኚና ባዶ ወረቀት ላይ ሙሉውን ሥሪው፤ የተሰናከልሽበት ቀስት ላይ ነው የማታውቂው ነገር ያለው።

ኤምካትን የምትፈተኚው ባዮኬሚስትሪ ካለቀ በኋላ ነው። ቀድመሽ አትንኪው፤ ውጤቱ ብዙ ቦታ የሚያገለግለው ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ነው፣ የሙከራውም ብዛት በሕይወት ዘመን 7 ብቻ ነው። 230 ጥያቄ አለው፤ ፈተናው ብቻ 6 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይፈጃል። ውጤቱ ከ472 እስከ 528 ሲሆን የተፈታኞች አማካይ 500 አካባቢ ነው። ኤምዲ ትምህርት ቤቶች የሚገቡት ግን አማካያቸው 512 ገደማ፣ ጂፒኤያቸውም ከ3.7 በላይ ነው፤ ዲኦ ላይ ትንሽ ዝቅ ይላል። የእኛን ልጆች የሚያስቸግረው ሳይንሱ አይደለም። ካርስ የሚባለው የንባብ ክፍል ነው፦ 9 ምንባብ፣ 53 ጥያቄ፣ 90 ደቂቃ። ስለ ፍልስፍና ወይም ስለ ሥዕል ትችት የተጻፈ ገጽ ይሰጥሽና ጸሐፊው ያላለውን ነገር ቢጠየቅ ምን ይል እንደነበር ትጠየቂያለሽ። ለአንዱ ምንባብ ከነጥያቄዎቹ ያለሽ 10 ደቂቃ ነው። ይህ በሦስት ወር አይገነባም። ከአሁኑ ጀምሮ በየቀኑ አንድ ከባድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንብቢ፤ ስትጨርሺ የጸሐፊውን ነጥብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊው፣ በአማርኛም ቢሆን። ለቀሪው ክፍል ሦስት ወር፣ በሳምንት ከ20 እስከ 25 ሰዓት ይበቃል፤ መለማመጃውም የፈተናው ባለቤት ኤኤኤምሲ ራሱ ያወጣቸው ሙሉ ፈተናዎች ናቸው። ገቢሽ ዝቅተኛ ከሆነ የኤኤኤምሲን የክፍያ ድጋፍ ጠይቂ፤ የፈተናውን ዋጋ ይቀንሳል፣ የማመልከቻውንም ይሸፍናል፤ ግሪን ካርድ ላለው ተፈቅዷል። ለፈተናው ከመመዝገብሽ በፊት ይጽደቅልሽ፤ የተከፈለ ገንዘብ አይመልሱም።

ማመልከቻው በግንቦት አካባቢ፣ በፈረንጆቹ ሜይ፣ ይከፈታል። ቀነ ገደቡ ኦክቶበርና ኖቬምበር ቢሆንም ያን ጊዜ መላክ ድግስ ካለቀ በኋላ መድረስ ነው፤ ቦታው እየተሞላ ነው የሚሄደው፣ ትራንስክሪፕት ማረጋገጡም ሳምንታት ይፈጃል። ሜይ መጨረሻ ወይም ጁን መጀመሪያ ላኪ። በዚያው ዓመት የሚያስገባ የለም፤ ትምህርት የሚጀመረው በሚቀጥለው ዓመት ነው። የግል መግለጫው 5,300 ፊደል ነው፣ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። የድጋፍ ደብዳቤ ከሁለት የሳይንስ መምህራን ትፈልጊያለሽ፤ መምህሩ ስምሽን የሚያውቀው ቢሮው በር ላይ ካገኘሽ ነውና ዝም ብለሽ ኤ አታግኚ። አንድ ነገር ግን ከብዙዎቹ አመልካቾች በፊት ይዘሻል። የነጭ ቤተሰብ ልጆች ታካሚ ለመንካት ክሊኒክ ለክሊኒክ ሲለምኑ፣ አንቺ በሽተኛ እያገላበጥሽ፣ እያጠብሽ፣ እያበላሽ ሁለት ዓመት ሊሞላሽ ነው። ይህ እንደ ክሊኒክ ልምድ ይቆጠራል። ሰዓቱን መዝግቢ፤ በየሳምንቱ ስም ሳትጠቅሺ አንድ ያየሽውን ነገር ጻፊ። የሚጎድልሽ ሐኪም ሲሠራ ማየት ነው፤ ከ40 እስከ 50 ሰዓት ይበቃል፣ ለዲኦ ካመለከትሽ የተወሰነው ከዲኦ ሐኪም ጋር ይሁን።

የአክስትሽ ልጅ እውነት አላት፤ ካሪቢያን መግባት ይቀላል። ችግሩ መውጣቱ ነው። ሐኪም የሚያደርግሽ ዲፕሎማው ሳይሆን ረዚደንሲ፣ ማለትም ከምረቃ በኋላ ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ የሚወስዱት ሥልጠና፣ ነው። በ2024ቱ የረዚደንሲ ምደባ ቦታ ያገኙት ከአሜሪካ ኤምዲ ተመራቂዎች 93.5 በመቶ፣ ከዲኦ 92.3 በመቶ ናቸው። ውጭ ተምረው የተመለሱ አሜሪካውያን 67 በመቶ፣ አሜሪካዊ ያልሆኑት 58.5 በመቶ። ይህ እስከ ማመልከት የደረሱትን ብቻ ነው የሚቆጥረው፤ በሁለተኛው ዓመት ብድር ተሸክሞ የቀረው በቁጥሩ የለም። ዲኦ ግን በሐኪምነት መብቱ ከኤምዲ የማያንስ የአሜሪካ መንገድ ነው፤ «ቀላል» የምትፈልጊ ከሆነ ከካሪቢያን በፊት እሱን አስቢ።

ስለ ገንዘቡ ሳንነግርሽ አንለፍ። በመንግሥት ሜዲካል ስኩል፣ ለክልሉ ነዋሪ እንኳ፣ አራቱ ዓመት ከነኑሮው ከ250 ሺህ ዶላር ያልፋል። ድሮ ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር ሙሉውን ይሸፍን ነበር። ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ቀርቷል፤ የሚፈቀደው በዓመት 50 ሺህ፣ በጠቅላላው 200 ሺህ ነው። ቀሪው የግል ባንክ ብድር ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ጥሩ ክሬዲትና ብዙ ጊዜ ዋስ ይፈልጋል። ክሬዲትሽን ለዘመድ መኪና አታስይዢ። ዜግነትሽንም አታዘግዪ፤ ግሪን ካርድ ካገኘሽ አምስት ዓመት ሲሞላ ማመልከት ትችያለሽ፣ ይህም ሜዲካል ስኩል ከመግባትሽ በፊት ይደርሳል። ዜጋ ከሆንሽ ናሽናል ኸልዝ ሰርቪስ ኮር የሚባለው ስኮላርሺፕ ይከፈትልሻል፦ የትምህርቱን ክፍያና የወር መተዳደሪያ ይሰጣል፣ በምላሹ ሐኪም በሚያንስበት አካባቢ ለከፈለልሽ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ዓመት፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት ታገለግያለሽ።

ሁሉም ሲደመር፦ ለክሬዲቶቹ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል፣ ለማመልከቻው አንድ፣ ሜዲካል ስኩል አራት፣ ረዚደንሲ ለቤተሰብ ሕክምና ወይም ለውስጥ ደዌ ሦስት። በ41 ዓመትሽ ገደማ በራስሽ ትቆሚያለሽ፤ ረዚደንሲው ግን ደመወዝ አለው። ይህ ከረዘመብሽ፣ ባችለር ላለው የሚሰጠው የተፋጠነ የነርሲንግ ዲግሪ ከ12 እስከ 18 ወር ይወስዳል፤ አንዳንዱ የውጭ ዲግሪን በግምገማ ይቀበላል፣ ከዚያም ነርስ ፕራክቲሽነር መሆን ይቻላል። የምንነግርሽ ግን ምክንያትሽ ታካሚን መንከባከብ ከሆነ ነው። በሽታውን ራስሽ መርምረሽ ማግኘት ከሆነ የሚያጓጓሽ፣ ነርሲንግ መንገድ ላይ የምታርፊበት ጥላ አይሆንልሽም።

የ10ኛ ክፍሉን መጽሐፍ አታስልኪ፤ የፖስታው ገንዘብ ይቅር። ኦፕንስታክስ የሚባለው የኬሚስትሪ መጽሐፍ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል፤ የመጀመሪያዎቹን አራት ምዕራፎች ሞክሪ። ከዚያ በፊት ግን በሚቀጥለው ሺፍትሽ ነርሷ የምትሰቅለውን የሳላይን ከረጢት ጠጋ ብለሽ እዪ። 0.9 በመቶ ይላል፤ አንድ ሊትር ውስጥ 9 ግራም ጨው አለ ማለት ነው። ከሥሩ ደግሞ በደቃቁ፣ ሶዲየም 154፣ ክሎራይድ 154 ተብሎ ተጽፏል። የሶዲየም ክብደት 23፣ የክሎሪን 35.45 መሆኑን ብቻ ይዘሽ፣ ከ9 ግራሙ ተነስተሽ 154 ላይ መድረስ ከቻልሽ የመግቢያ ኬሚስትሪውን ዝለዪው። ካልቻልሽ ተመዝገቢ።